የሰው ስለት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳንታ ፌ፣
መኪናዬን አቆምሁ፣ ማደያውን አልፌ።
ጨረቃዋ ሙሉ፣ ብርዱ ምላጭ ነው፤
እግሩ የራሴ ነው፣ ስለቱ የሰው ነው።

ዛሬ ስቅለት ነው ለዚህ አገር ሰው፤
ለኔ ሆሳዕና ሁለት ቀን ይቀረዋል፤
የቀን መቁጠሪያን ግን እግር መች ያውቀዋል?

ኤሎይሳ ታፎያ ናት የስለቱ ባለቤት።
ሰባት ዓመት አብረን፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
አንሶላ አጥፈናል፤
ሁለት ጫፍ በእሷ እጅ፣ ሁለት ጫፍ በእኔ፣
ከወዲያና ከወዲህ ተራምደን
ጣት ለጣት ስንነካካ አንዱ አለቀ፤
ደግሞ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ሌላ አንሶላ።

ልጇ ከሞተር ወድቆ አልነቃ ባለ ጊዜ
"ከነቃልኝ፣ ቺማዮ ድረስ በእግሬ" ብላ ተሳለች።
ነቃ። አሁን ሚስት አግብቷል፣ ወፍሯል።
እሷን ግን ኩላሊቷ ከዳት፤
በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ትውላለች።
"አንተ ሂድልኝ፤ ጉልበትህ ደህና ነው" አለች።
"ስለት በሰው እግር ይከፈላል እንዴ?"
"ዕዳ በሰው እጅ ይከፈል የለም እንዴ?"

የገዳም መንገድ መስሎኝ ነበር። አውራ ጎዳና ነው።
አስፋልቱ ዳር ዳር ብርቱካናማ በርሜል፤
ከባድ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል፤
ከፊቴ አንድ ጎረምሳ ከቁመቱ የሚበልጥ መስቀል ተሸክሟል፣
ግርጌው ላይ ግን ትንሽ ጎማ አስገጥሞለታል።
ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል ጎማው፤
"ዘይት ያልጠጣ ስለት!" ይላል አባቱ ከኋላው።

ግመል በሚመስለው ቋጥኝ ስር ነጋልን።
አፍንጫው ተገምሶ ከወደቀ ቆይቷል፤
አሁንም ግመል ይሉታል። ስም ከመልክ ይበረታል።

ፖዋኬ ላይ፣ የፒክአፕዋን ጀርባ ከፍታ፣
ብርቱካን የምትልጥ ሴት ነበረች፣ ጋቢ የሚያክል ሹራብ ደርባ።
ስም አትጠይቅም። አገር አትጠይቅም።
"ስለ ማን ነው?" ትላለች፣ ለሁሉም፣
ብርቱካኑን ሳትለቅ፣ መልሱ እስኪመጣ።
"ስለ ኤሎይሳ" አልኋት፤
ድምፄ ደጀ ሰላም የተቀመጠ ለማኝ ድምፅ ሆኖ ወጣ፤
እጄም እንደዚያው ተዘርግቶ ነበር።

ከዚያ ናምቤ፤ ቀይ ኮረብታ፣ አዲስ ቅጠል ያወጣ ዛፍ፣
አጥር ላጥር የሚከተለን ውሻ።
"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ያለው ሰው
ጫማ ሲነክስ አያውቅም፤
የግራ ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል፣ ትንሿ ጣቴም።
አስራ ስምንተኛው ማይል ላይ ስለቱን ረሳሁት፣
ሴትዮዋንም፣ ልጇንም፤
የቀረኝ ቀኝ እግር፣ ግራ እግር፣ የጎማው ሲጢጥታ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጭቃ ነው፣ ዝቅ ያለ፤
ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ ወንዙ ድረስ።
በጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ መሬቱ ላይ፣ አንድ ጉድጓድ፤
አፈር ብቻ። ግድግዳው ላይ የተተወ ምርኩዝ።
እኛ ጋ ይህን "እምነት" ይሉታል፤
ለሚቀቡት አፈርም፣ ለሚያምኑት ነገርም፣ አንድ ቃል።
የኔ ሁለተኛው ጥቂት ነበር፤
የመጀመሪያውን በኤሎይሳ የክኒን ብልቃጥ ሞላሁ፣
ስሟ ላዩ ላይ፣ "በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ"።

የጎረምሳው አባት በመኪናው አደረሰኝ።
ማታ በሯን ከፈተች።
ብልቃጡን ተቀብላ መደርደሪያ ላይ አኖረች፣ ሳታየው።
"ጫማህን አውልቅ።"
መነጽሯን አድርጋ ከእግሬ ስር በርከክ አለች፤
አትንበርከኪ ብላት ማን ሰምቶኝ።
"ተረከዙ የኔ ነው" አለች፣ ቁስሉን እያየች፤
"ትንሿ ጣት ላይ ያለችው ግን የኔ አይደለችም፤
እሷስ ስለ ማን ናት?"

መልስ አልነበረኝም። እርጥብ ፎጣ አመጣች፣
ልታጥፈው ዘረጋችው፤
ሁለቱን ጫፍ ያዝሁ፣
አንካሳ እግሬን ጎትቼ ወደ እሷ ተራመድሁ።